የቆላው ባለቤት፦ ስለ መተማ ጉሙዞች፥ ስለ መሬታቸውና ስለ እርቅ

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚወርደው መንገድ ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ሳይደርስ ኮኪት ከምትባል አነስተኛ ከተማ ያደርሳል። ኮኪትን የሚያውቃት ሰው የሚያስታውሳት በሙቀቷ፥ ሰሊጥ በጫኑ መኪናዎችና በአረምና በአጨዳ ወራት ከጎጃም፥ ከወሎና ከደጋው ጎንደር በሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ወደዚያ ወርጄ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በዚያ ያየሁት፥ ይልቁንም ያደረግሁት አንድ ትንሽ ነገር ስለሆነ ሳልሸሽግ ከእርሱ ልጀምር።

ከሻይ ቤት በረንዳ ተቀምጠን ሳለ በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት በትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት በሁለቱም ጫፍ ሸክም አንጠልጥለው መጡ። የጉሙዝ ሴቶች የሚሸከሙት እንዲህ ነው፤ የደጋ ሴት በጀርባዋ እንደምታዝል ሁሉ እነርሱ ሸክሙን ለሁለት ከፍለው በትከሻ ያመዛዝኑታል። ከመካከላችን አንዱ ያን የታወቀውን የስድብ ስም ጠርቶ ቀልድ ተናገረ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ። ሴትዮዋ ሸክማቸውን አውርደው ከአጠገባችን ካለው ሱቅ ጨው ገዙ፤ በዋጋው ተከራከሩ፤ መልሳቸውን ቆጥረው ተቀበሉና ሄዱ። ይህ ሁሉ ሲሆን የተናገሩት አማርኛ ከእኔ አማርኛ የሚያንስ አልነበረም። ሻይ የሚቀዱልን እናት ብርጭቆውን እያስቀመጡ፥ «የተናገራችሁትን ሁሉ ሰምተዋል እኮ፥ ልጆቼ» አሉን። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

ውድ አንባብያን፥ እኛ በዩኒቨርሲቲ ያለን ተማሪዎች ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች፥ ስለ አውስትራልያ ጥንታዊ ነዋሪዎች፥ ስለ ደቡብ አፍሪቃ ጥቁሮች መከራ በክፍል ውስጥ ተምረናል፤ በየክርክሩም ተናግረናል። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ በተማሪዎች መጽሔት ላይ በጽሑፍ ካነሣ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከተማሪው አፍ ወርዶ አያውቅም። ሆኖም ጥያቄው ብዙ ቁጥርና ብዙ የተማረ ልጅ ያላቸውን ሕዝቦች ተከትሎ ሲሄድ፥ በመተማና በቋራ ጠረፍ ያለው ጉሙዝ በስሙ እንኳ ሳይነሣ ቀርቷል። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ዓላማ ሦስት ነገር መመርመር ነው፤ ጉሙዞች ምን ደረሰባቸው፥ ዛሬ በሕግ ምን አላቸው፥ ከደገኛው ጎረቤታቸው ጋርስ እርቅ ሲባል ምን ማለት ነው።

ስሙና ሕዝቡ

ጉሙዞች የሚኖሩት በዐባይ ግራና ቀኝ ነው። የሚበዙት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከልና በካማሺ ሲሆን፥ ከፊሎቹ በአማራ ክልል በመተማና በቋራ ወረዳዎች፥ ሌሎቹም ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ይገኛሉ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በመላ ኢትዮጵያ 159,418 ጉሙዞች ተመዝግበዋል። ቋንቋቸው ከአማርኛም ሆነ ከአገውኛ ጋር ዝምድና የለውም፤ ሊቃውንቱ የናይሎ ሰሃራ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ይመድቡታል። ራሳቸውን ቤጋ ብለው ይጠራሉ፤ ትርጓሜውም ሰው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በቋራ በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ጠርዝ ማሐዲድ በተባለው ሥፍራ የሚነገረው ዳጺን የተባለ ቋንቋ፥ የጉሙዝ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ራሱን የቻለ ቋንቋ መሆኑ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ገደማ ነው። ሰዎቹ ግን ከጥንት ጀምሮ ሲናገሩት ኖረዋል። ጠያቂ አልነበራቸውም ማለት ነው።

ደገኛው ይህን ሕዝብና እርሱን የመሰሉትን የምዕራብ ጠረፍ ሕዝቦች ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልሎ ሻንቅላ ይላቸው ነበር። ቃሉን እዚህ የጻፍኩት ለትምህርት ነው። ስሙ የአንድ ጎሣ ስም ሆኖ አያውቅም፤ የመልክና የደረጃ ስም ነው። ማን ሊታደን፥ ማን ሊሸጥ እንደሚችል የሚያመለክት የገበያ ቃል ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ገበያው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖ ሳለ ቃሉ በሻይ ቤት በረንዳ ላይ መቅረቱ ነው የሚያሳዝነው።

የመተማ ገበያ

መተማ ሲባል የተማሪ ልጅ ሁሉ አእምሮ የሚሮጠው ወደ ዐፄ ዮሐንስ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የቆሰሉበትና የሞቱበት ሥፍራ ስለሆነ ይህ ተገቢ ነው። ከተማውም በስማቸው ይጠራል። ነገር ግን ያው መተማ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሌላ ታሪክ ነበረው፤ ይኸውም ቡና፥ ሰም፥ ወርቅና ሰው የሚሸጥበት የጠረፍ ገበያ መሆኑ ነው። ከዳርፉር በኩል የመጡ ተክሩር የተባሉ እስላሞች ሠፍረው ገበያውን ሲያቀኑት፥ ከደጋ የሚወርደው ነጋዴና ከሱዳን የሚመጣው ጀላባ እዚያ ይገናኙ ነበር።

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን በቆየ ጊዜ የዚሁ ጠረፍ ክፍል የነበረው የራስ ፊል ገዥነት ለስሙ ያህል ተሰጥቶት ነበር። እርሱ በጻፈው መጽሐፍ ላይ የጠረፍ ሹማምንት በቆላው ጥቁር ሕዝብ ላይ በየጊዜው ዘመቻ ያደርጉ እንደነበር፥ አዋቂውን ገድለው ሕፃናቱን ማርከው ይወስዱ እንደነበር ይተርካል። ብሩስ ማጋነን የሚወድ ሰው መሆኑን አንዘነጋም። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ከእርሱ በፊት የተጻፉት የነገሥታት ዜና መዋዕሎችም ዘመቻዎቹን የሚናገሩት በኀፍረት ሳይሆን በኩራት ነው። ግብሩ በሰው የሚከፈልበት ዘመንም ነበር።

ጉሙዞችን ከፍጹም ጥፋት የጠበቃቸው ምንድን ነው ቢባል፥ ከቀስታቸውና ከጫካው ይልቅ ንዳድ ነው ብዬ አምናለሁ። ደገኛው ሰው ከጓንግና ከሽንፋ ወንዞች ዳር ክረምቱን ማለፍ አይችልም ነበር። በበጋ ወርዶ ወርሮ ይመለስ እንጂ ተቀምጦ አያርስም። ወባው እንደ ቅጥር ሆኖ አገሩን አጥሮላቸዋል። ይህን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ፤ ቅጥሩ በሕክምናና በመድኃኒት በፈረሰ ጊዜ ምን እንደሆነ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የባሪያ ንግድን የሚከለክሉ አዋጆች አንድ አይደሉም። ከዐፄ ቴዎድሮስ ጀምሮ ነገሥታቱ በየጊዜው ከልክለዋል። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን አንዱ የተጠየቀችው ነገር ይኸው ነበር፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ስለ ባሮች ነጻነት አዋጅ ወጣ፤ በ1923 ዓ.ም. ሌላ ተጨመረ፤ በመጨረሻም ከጠላት ወረራ በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ባርነት በሕግ ፊት ፈጽሞ ተሻረ። ሆኖም በጠረፉ ንግዱ እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በስውር መቀጠሉን የታሪክ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ የእነዚህ አዋጆች ዋና ጉዳይ ባሪያውና ጌታው፥ ሻጩና ገዢው መሆናቸው ነው። ልጆቹ የተወሰዱበት መንደር ግን ተበዳይ ተብሎ ፊት ለፊት ቀርቦ አልተጠየቀም፤ በደሉ እንደ ወንጀል ተቆጠረ እንጂ እንደ ዕዳ አልተቆጠረም።

መሬት እንዴት ባዶ ይሆናል?

ይህ ክፍል የጥናቱ ዋና ሥር ስለሆነ በዝግታ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

የደጋ ገበሬ መሬቱን የሚያውቀው በድንበሩ ነው። ድንጋይ ተክሎ፥ ቁልቋል ተክሎ፥ «ከዚህ እስከዚህ የአባቴ ርስት» ይላል። በየዓመቱ በበሬ ያርሰዋል፤ ቢያሳርፈውም ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። ጉሙዝ ግን በዱሮው ልማዱ በበሬ አያርስም። ጫካውን መንጥሮ፥ አቃጥሎ፥ በዶማ ቆፍሮ ማሽላ ይዘራል። መሬቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲደክም ትቶት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የተወው መሬት ዛፉ ተመልሶ እስኪበቅል ድረስ ዓመታት ያርፋል። በዚያ ጊዜም ሥራ ፈት አይደለም፤ ማር ይቆረጥበታል፥ ይታደንበታል፥ ሽመል ይቆረጥበታል፥ በድርቅ ጊዜ የሚበላ ሥርና ቅጠል ይለቀምበታል። ስለዚህ የአንድ የጉሙዝ መንደር እርሻ ማለት በዚህ ዓመት የተዘራው ብቻ ሳይሆን ያረፈውም ጭምር ነው። የትኛው ጫካ የየትኛው ጎሣ እንደሆነ እነርሱ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ድንጋይ ግን አልተከሉም።

እንግዲህ ከደጋ የወረደ ሰው፥ ወይም ከአዲስ አበባ ካርታ ይዞ የመጣ ባለሥልጣን፥ ይህን ጫካ ሲያይ ምን ይላል? ባዶ መሬት ይላል። ውሸት ለመናገር ፈልጎ አይደለም፤ ዐይኑ የተማረው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ከዚህ አንድ ቃል ይወለዳል።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ለአገሪቱ ጭሰኛ ትልቅ ነጻነት እንደሆነ አንክድም፤ የተማሪውም ትግል ፍሬ ነው። ለጉሙዝ ግን አዋጁ ብዙ አልተናገረለትም፤ ጉሙዝ ጭሰኛም ባላባትም አልነበረምና። መሬት የሕዝብ በሆነ ጊዜ ያልታረሰው መሬት በተግባር የመንግሥት ሆነ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ደርግ ከወሎና ከሌሎችም አገሮች ያነሣቸውን ከ80,000 በላይ ሰዎች በመተከል በፓዌ አሠፈረ፤ ቀጥሎም በጣልያን ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ። ደኑ በትራክተር ተመነጠረ። ሠፋሪው በግድ ወይም በረኃብ ተነድቶ የመጣ፥ ብዙውም በወባ ያለቀ ምስኪን ነበር፤ ጉሙዙም ከአገሩ ተገፍቶ ወደ ዳር የሄደ ምስኪን ነበር። ሁለቱ ምስኪኖች ጦርና ጠመንጃ ተማዘዙ። ይህን የወሰነው ሦስተኛ ወገን ግን ከሁለቱም ጋር በዚያ አልነበረም።

በመተማና በቋራም መንገዱ ያው ነው፤ መልኩ ብቻ ይለያያል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአማራ ክልል መንግሥት መሬት ያነሳቸውን የደጋ ገበሬዎች በእነዚህ ወረዳዎች አሠፈረ። የሰሊጥ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲያድግ ባለሀብቱ ሰፋፊ እርሻ በኪራይ ያዘ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። ሠፋሪው ማረሻ፥ ባለሀብቱ ትራክተር፥ ፓርኩም ጠባቂ ይዞ መጣ። ሦስቱም የመጡት ለመልካም ነገር ነው፤ ለእህል፥ ለውጭ ምንዛሪና ለደን ጥበቃ። ሦስቱም የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር መሬቱ ባዶ እንደነበረ ነው። የእጣን ዛፉና የሽመሉ ጫካ በየዓመቱ ሲሳሳ፥ ባዶ ነው የተባለው መሬት በእውነት ባዶ እየሆነ መሄዱን ያየ ሰው ያዝናል።

ሕጉስ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በብዙ አንቀጽ ለትናንሽ ሕዝቦች ያስባል። አንቀጽ 18 ባርነትን ይከለክላል፤ አንቀጽ 39 የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 54 ቁጥራቸው ላነሰ ብሔረሰቦች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከ20 የማያንስ ወንበር ይጠብቅላቸዋል፤ አንቀጽ 61 ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ተወካይ ይሰጣል። ነገር ግን የመሬቱን አንቀጽ፥ ማለት አንቀጽ 40ን፥ አንብቡ። ስለ አርሶ አደር አንድ ንዑስ አንቀጽ አለ፤ ስለ ዘላን ከብት አርቢ ሌላ ንዑስ አንቀጽ አለ። መሬቱን እያፈራረቀ በዶማ ስለሚያርስ፥ ከጫካም ስለሚለቅም ሰው ግን የሚናገር የለም። ሕግ አውጭው ክፋት አስቦ ነው አልልም፤ እንዲህ ያለው ገበሬ በአሳቡ አልመጣለትም። በኋላ የወጡት የገጠር መሬት ሕጎችም፥ የክልሉ ጭምር፥ ለተከታታይ ዓመታት ሳይለማ የተተወ መሬት ከባለይዞታው ሊወሰድ እንደሚችል ይደነግጋሉ። ለሰነፍ ገበሬ የታሰበ ቅጣት ለጉሙዝ የእርሻ ጥበቡን ራሱን ጥፋት ያደርግበታል።

ሁለተኛው ችግር የቦታ ነው። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለአዊ፥ ለኽምራና ለኦሮሞ የብሔረሰብ አስተዳደር አቁሟል፤ በኋላ አርጎባ ልዩ ወረዳ አገኘ። በመተማና በቋራ ላለው ጉሙዝ ግን እንደዚህ ያለ ምክር ቤት አልቆመለትም። በስሙ የሚጠራው ክልል ከወንዙ ማዶ ነው። በዚያ ማዶ ተወካይ አለው፤ በሚኖርበት ግን ድምፁ በብዙኀኑ ውስጥ ይሰጥማል።

በዚሁ በጎንደር ቆላና ወይና ደጋ የቅማንት ጉዳይ ምን ያህል ደም እንዳፈሰሰ ሁላችንም እናውቃለን። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 172,327 ሆነው የተመዘገቡት፥ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ግን ስማቸው ከዝርዝሩ የታጣው ቅማንቶች በ2007 ዓ.ም. በ42 ቀበሌዎች የራስ አስተዳደር ተፈቀደላቸው። የቀሩት ቀበሌዎች ጥያቄ መተማን ጨምሮ ለብዙ ሰው ሞት ምክንያት ሆነ። የሚያሳስበኝ ነገር ቢኖር፥ ከዚህ ሁሉ የተማርነው ትምህርት «የጮኸና ጠመንጃ ያነሣ ይሰማል» የሚል እንዳይሆን ነው። ጉሙዝ በመተማ አልጮኸም።

የመስተዋቱ ሌላ ፊት

ከዚህ ላይ ብናቆም ግማሽ እውነት ተናግረን እንቀር ነበር። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት በርታን፥ ጉሙዝን፥ ሽናሻን፥ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ይላቸዋል። ብዙ ዘመን የሰው ንብረት ሲባል የኖረ ሕዝብ ባለቤት ተብሎ መጠራቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን በክልሉ የሚኖረው ከባለቤቶቹ ውጭ የሆነ ሕዝብ፥ አማራው፥ አገውና ኦሮሞው፥ ከግማሽ ጥቂት የሚያንስ ይሆናል። ባለቤት ካለ እንግዳ አለ፤ እንግዳ ደግሞ ውጣ ሊባል ይችላል። በ2005 ዓ.ም. ብዙ ሺህ አማሮች ከዚያ ተባረሩ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ በአንድ ሌሊትና ጧት ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ይህንም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መስክሮአል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 ዓ.ም. በጃዊ ብዙ ጉሙዞች በበቀል ተገድለዋል። በመተከል የሆነው ወሬ በተሰማ ቁጥር በመተማ ያለው ጉሙዝ፥ ምንም ሳያውቅ፥ በጎረቤቱ ዐይን ወንጀለኛ ይሆናል።

እንግዲህ የነባር ሕዝብ መብት ማለት ሌላውን ማስወጣት ማለት ነውን? የአፍሪቃ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 በተቀበለው የጥናት ሪፖርት ለዚህ የሰጠው መልስ ለእኛ ይረዳናል። በአፍሪቃ ሁሉም ነባር ነው፤ ጥያቄው ማን ቀድሞ መጣ አይደለም፤ ከሌላው በተለየ አኗኗሩ ምክንያት የተገፋ፥ የተናቀ፥ መሬቱ ለሌላ ልማት የተወሰደበት ሕዝብ የትኛው ነው የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን የወሎው ሠፋሪ የጉሙዙ ጠላት ሳይሆን ሌላ ባለጉዳይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 2007 ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም.፥ የሚሌኒየሙን በዓል ባከበርን ማግስት መሆኑ ነው። 144 መንግሥታት ደገፉ፤ አራት ተቃወሙ፤ ኢትዮጵያ በድምፅ አሰጣጡ ላይ አልተገኘችም።

ከተቃወሙት ከአራቱ አንዷ አውስትራልያ ስለነበረች የእርሷን ነገር በአጭሩ ላንሣ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1788 ሲሠፍሩባት ምድሪቱን ባለቤት የሌላት አሏት፤ ይህ ከላይ ካልነው «ባዶ መሬት» ጋር አንድ ቃል ነው። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1992 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማቦ ጉዳይ ይህን ሻረው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ ከእናቶቻቸው ስለ ተነጠቁት ልጆች በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። እንደገና ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ነባሮቹ በሕገ መንግሥት የታወቀ አማካሪ ድምፅ እንዲኖራቸው ሕዝቡ ሲጠየቅ ከመቶ 60 ያህሉ እምቢ አለ። ሕዝቡ ይቅርታውን ወድዶ ሥልጣኑን ነፈገ ማለት ነው።

ድንጋዩን ማን ይሸከም?

በአገራችን እርቅ የሚለው ቃል በየአዋጁ ረክሷል። በ2011 ዓ.ም. የእርቀ ሰላም ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሥራው በ2014 ዓ.ም. አበቃ፤ በዚያው ዓመት የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተተካ፤ በ2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸደቀ። ይህን ሁሉ ለማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን የጎንደርና የጎጃም ባላገር ከእነዚህ ሁሉ በፊት እርቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። የገደለ ወገን ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፥ ከሟች ወገን ፊት ወድቆ፥ «በድያለሁ» ይላል። ሽማግሌ ካሳውን ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ ነው መሐላውና አብሮ መብላቱ የሚመጣው። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም፤ ካሳ ሳይቆረጥ ማዕድ አይቀርብም።

ጉሙዞችም ማንገማ የሚሉት የሽማግሌ ሸንጎ አላቸው። በመተከል ከአገውና ከሌላው ጎረቤት ጋር የወዳጅ ሥርዓት የነበራቸው ሲሆን፥ ከዐባይ ማዶ ከኦሮሞው ጋር ሚቹ ይባላል። በዚህ ሥርዓት አንድ ጉሙዝና አንድ ደገኛ በመሐላ ወዳጅ ከሆኑ አንዱ በሌላው አገር ሲያልፍ ይጠበቃል፤ ሲቸግረው ይረዳል። መንግሥት ባልደረሰበት ዘመን ገበያውን ያቆመው ይህ ነበር። ስለዚህ የሁለቱ ወገን እርቅ ከውጭ አገር የሚመጣ ትምህርት አያስፈልገውም።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። በመተማ ጉዳይ ድንጋዩን ማን ይሸከም? የባሪያ ፈንጋዩ ዘር ዛሬ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ በኮኪት ሰሊጥ የሚያርመው የወሎ ወይም የጎጃም ድኻ እርሱ አይደለም። ሠፋሪውን ውረድ ያለው፥ እርሻውን ያከራየው፥ ፓርኩን የከለለው መንግሥት ነው፤ ያውም አንድ መንግሥት ሳይሆን ተከታታይ መንግሥታት። እኔ በበኩሌ ከባዱን ድንጋይ መሸከም የሚገባው መንግሥት ነው እላለሁ፤ ይኸውም በቃል ብቻ ሳይሆን ያረፈውን መሬት የእርሻው ክፍል አድርጎ በመንደሩ ስም በመመዝገብ፥ የጎሣው ጫካ በጋራ ይዞታ እንዲታወቅ በማድረግ፥ ከፓርኩና ከእጣኑ ገቢ ድርሻ በመስጠት፥ በወረዳው ምክር ቤት ለጉሙዝ የተጠበቀ ወንበር በማኖር ነው። የጋራ ይዞታ ለሕጋችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለግጦሽ መሬት ይሰጣል፤ ለዶማ እርሻ የማይሰጥበትን ምክንያት አላገኘሁም። በጎረቤታችን በኬንያ ለቦጎሪያ ሐይቅ እንስሳት ጥበቃ ሲባል የተነሡት የኤንዶሮይስ ሰዎች ጉዳያቸውን እስከ አፍሪቃ ኮሚሽን አድርሰው እ.ኤ.አ. በ2010 ፍርዱ ለእነርሱ ሆኖአል። ፍርዱን ማስፈጸም ግን ከማስፈረድ የከበደ መሆኑን እነርሱው ይናገራሉ።

እዚህ ላይ ከወንድሞቼ አንዱ፥ «ይህን ሁሉ ብንሰጥ ጉሙዝን እንደ ጥንቱ በጫካ እናስቀረዋለን፤ የሚያስፈልገው ትምህርትና ማረሻ ነው» ብሎ ተከራክሮኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የጉሙዝ ወጣት ትምህርት ቤት ይፈልጋል፤ ክሊኒክ ይፈልጋል፤ ብዙዎቹም ዛሬ በበሬ ያርሳሉ፥ ሰሊጥም ይዘራሉ። እኅትን ለእኅት በመለወጥ የሚደረገውን የዱሮ ጋብቻ ሴቶቹ ራሳቸው የሚቃወሙበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የነበረው ሁሉ ይኑር የሚል የለም። ልዩነቱ ያለው ግን በቅደም ተከተሉ ነው። መሬቱ በእጁ ያለ ሰው ማረሻ ሲያገኝ ገበሬ ይሆናል፤ መሬቱን የተነጠቀ ሰው ማረሻ ሲሰጡት የሌላ ሰው የቀን ሠራተኛ ይሆናል።

እኛስ? ከመካከላችን ሕግ የሚማረው በአንቀጽ 40 ላይ የመመረቂያ ጽሑፉን ቢጽፍ፥ ቋንቋ የሚማረው የጉሙዝኛን ቃላት ከባለቤቶቹ አፍ ቢሰበስብ፥ ታሪክ የሚማረው የመተማን ገበያ ከጉሙዝ ሽማግሌዎች ቃል ቢያጠና የሚከለክለው የለም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕፃናት በመጀመሪያ ክፍሎች በጉሙዝኛ መማር ከጀመሩ ቆይቷል፤ ለመተማው ልጅ መጽሐፉን ወንዝ ማሻገር የሚከብድ ሥራ አይመስለኝም። የተማሪዎች ማኅበራችንም በክረምት ወደ ቆላው የሚወርዱትን ጓደኞቻችንን ከመላኩ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ስለ አገሩ ሰው ቢያስተምራቸው መልካም ነው። እኔ ያን ጊዜ ስወርድ ስለ ሰሊጥ በሽታ ሁለት ሳምንት ተምሬ ነበር፤ ስለ ጉሙዝ የነገረኝ አልነበረም።

ከኮኪት በተመለስንበት ዕለት የሻይ ቤቷን እናት ስለዚያች ሴት ጠይቄያቸው ነበር። ስማቸውን ነገሩኝ፤ በየሳምንቱ ለገበያ እንደሚመጡ፥ ማርና እንጨት ሸጠው ጨውና ሳሙና ገዝተው እንደሚመለሱ፥ ከእርሳቸው ጋር ሃያ ዓመት ያህል እንደሚተዋወቁ ነገሩኝ። «ዱሮ ከዚያ ከዛፎቹ ሥር ነበር ቤታቸው» ብለው በእጃቸው አመለከቱኝ። ባመለከቱበት በኩል እስከ አድማስ ድረስ የሚታየው ሰሊጥ ነበር።